ለባህር ዳር ግቢ የሚሆን ቀርከሃ፦ የት ገዛሁት፣ እንዴትስ ያዘልኝ

ባህር ዳር ውስጥ ቀርከሃ ለመትከል ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዓይነቱን ይጠይቅ፤ ዋጋው ቀጥሎ ይደርሳል። ይህን የምለው ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ በኩል ካለች አንዲት ትንሽ ችግኝ ቤት ገዝቼ፣ ተክዬ፣ ክረምቱንም በጋውንም ስላየሁበት ነው። የችግኝ ቤቷን ስም አልጠራም። ባለቤቷ እማማ ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ እኔም ይህን አከብራለሁ። ልምዱ ግን ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ከተማችን ውስጥ ቀርከሃ የሚሸጥ ብዙ ነው፤ የሚሸጠውን ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከ5 4 እሰጣቸዋለሁ። ችግኛቸው ጠንካራ ነው። ምክራቸው ከችግኙም ይበልጣል። ማድረሻቸው ጥሩ ነው፣ ተከላቸው ግን ቁጥጥር ይፈልጋል። ቅሬታዬን ወደ ታች ጽፌዋለሁ።

ስሄድ የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር። ግቢያችን መንገድ ዳር ስለሆነ አቧራውንና የባጃጁን ድምፅ የሚከልል፣ ከሐይቁ በኩል የሚነሳውን ነፋስም የሚያበርድ አረንጓዴ አጥር። እማማ ገና አንድ ችግኝ ሳያሳዩኝ ጥያቄ ጀመሩ። «ልጄ፣ ግቢሽ የት በኩል ነው? ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል? አፈሩ ቀይ ነው ወይስ ዋልካ? አጥሩን ከጎረቤት ጋር ነው የምትጋሩት? በላዩ የመብራት ገመድ ያልፋል?» ቸኩዬ ስለነበር መጀመሪያ ትንሽ ሰለቸኝ። ኋላ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት እንዳለው ገባኝ። ሌላ ቦታ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ «ይሄ ይሻልሻል፣ ቶሎ ያድጋል» ብቻ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ከፍታ ነው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አገራችን ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ቀርከሃዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የደጋ ቀርከሃ ነው፤ እንጅባራ ላይ ወንበር፣ መደርደሪያና ቅርጫት እየሆነ በመንገዱ ዳር የሚሸጠው። ከ2,200 ሜትር በላይ ያለውን ብርድና ጭጋግ ይወዳል። ሁለተኛው ሽመል የምንለው የቆላው ነው፤ በመተከልና በአሶሳ በኩል ሞልቶ የሚገኘው፣ ዘንጉ ውስጡ ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን ጥቂት የቀረው። እሱ በአብዛኛው ከ1,800 ሜትር በታች ያለውን ሙቀት ነው የለመደው። ባህር ዳር ከሁለቱ መሃል ገብታለች። ለደጋው ትሞቃለች፣ ለቆላው ደግሞ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ናት።

ስለዚህ አንድ ሰው እንጅባራ ሄዶ ያን የሚያምር ቁመታም ቀርከሃ አይቶ፣ ከሥሩ አስቆፍሮ በመኪና ጭኖ እዚህ ቢተክለው፣ እዚያ እንደነበረው አይሆንለትም። በየግቢው አይቻለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። አዲስ የሚወጣው ዘንግም ከእናቱ ይልቅ እየቀጠነ ይሄዳል። ውሃ ብታበዙለት ይኖራል፤ ግን እንደተጎሳቆለ ነው የሚኖረው። እማማም ይህን በግልጽ ነው የነገሩኝ፦ «የደጋውን አልሸጥልሽም፤ አገሩ አይደለም።» ሻጭ የመጣለትን ገበያ እንዲህ ሲመልስ ደስ ይላል።

ሦስተኛው ከውጭ የገባው ነው። ዘንጉ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ መስመር አለበት፤ በሆቴልና በመዝናኛ ግቢዎች የምታዩት ማለት ነው። አመጣጡ ከእስያ ሲሆን ባምቡሳ ቩልጋሪስ ይባላል። ሙሉ አረንጓዴ የሆነም ዓይነት አለው። ሙቀት ይወዳል፣ የባህር ዳር አየር ይስማማዋል፣ ከ10 እስከ 20 ሜትር ድረስ ሊያድግ ይችላል። እኔ ለመንገዱ በኩል ቢጫውን፣ ለጓሮ ደግሞ ሽመልን ወሰድኩ። ሽመል ቁመቱ አነስ ያለ ነው፣ አፈሩ ደከም ቢልም ይችላል፣ ድርቅም ይቋቋማል። ሁለቱም ተሰብስበው የሚያድጉ ናቸው፤ የእኔም ዋና ፍላጎት እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር ስለሆነ። ችግኞቹ ሲራገፉ ጎረቤታችን ጋሼ መጥተው፣ «ይሄ ነገር እንደ እምቦጩ ወሮን ቁጭ አይልም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈርድባቸውም። ጣና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በእምቦጭ ሲሰቃይ ያየ ሰው «ቶሎ የሚያድግ» የሚባል ተክል ሁሉ ቢያስፈራው አይገርምም። እውነትም የሚወር የቀርከሃ ዓይነት በዓለም ላይ አለ። ቀጭንና ረጅም ሥር በመሬት ውስጥ እየሰደደ ሜትሮች ርቆ፣ በአጥር ሥር አልፎ የሰው ጓሮ ውስጥ ይወጣል። ተሰብስቦ የሚያድገው ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የመሬት ውስጥ ግንዱ እንደ ዝንጅብል አጭርና ወፍራም ነው። ከጎኑ አንድ ጉጥ ያወጣል፣ ጉጡ ወዲያው ወደ ላይ ይታጠፍና አዲስ ዘንግ ይሆናል። በሚቀጥለው ክረምት ከዚያ ዘንግ እግር ሥር ደግሞ ሌላ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቁጥቋጦው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ዘሎ አይሄድም። የደጋው ቀርከሃ ከዚህ ይለያል፤ የመሬት ውስጥ ግንዱ አንገቱ ረዘም ስለሚል ዘንጎቹ ተራርቀው ነው የሚቆሙት። ለትንሽ ግቢ እሱን የማልመርጥበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ጋሼ አሁን የሽመል ችግኝ ለራሳቸው ጠይቀውኛል።

ስትገዙ በጣም የምትጠነቀቁት ነገር ሸምበቆ ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ በልጅነቱ ቀርከሃን ይመስላል። አንዱ የመንገድ ዳር ሻጭ (ማን እንደሆነ አልናገርም) ለእህቴ «ድንክ ቀርከሃ» ብሎ ሸጦላት ግቢዋ ውስጥ አሁን የማይነቀል ሸምበቆ ሆኗል፤ በየሳምንቱ ትቆርጠዋለች፣ በየሳምንቱ ይወጣል። መለያው ቀላል ነው። የቀርከሃ ቅጠል ከመቀመጫው ላይ አጭር ቀጭን አንገት አለው። የሸምበቆ ቅጠል ግን አንገት የለውም፤ ልክ ከበቆሎ እንደምታውቁት ግንዱን አቅፎ ነው የሚወጣው። ደግሞ ቀርከሃ ከአንጓው ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ወጣት ሸምበቆ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ አልባ ነው። የስጦታ ዕቃ ቤት ውስጥ በጠርሙስ ውሃ ተደርጎ «የዕድል ቀርከሃ» እየተባለ የሚሸጠውም ቀርከሃ አይደለም። ሌላ ተክል ነው፣ አጥር አይሆንም።

ወደ ችግኙ ልመለስ። እማማ ጋ የወደድኩት ትልቁ ነገር ሥሩን ማሳየታቸው ነው። ልጃቸው ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ገልብጦ አሳየኝ። ነጭ ነጭ ሥር አፈሩን ይዞት ነበር። ከመሃሉ ደግሞ አንድ አሮጌ ቁራጭ፣ ከጎኑ የስክሪብቶ ቀፎ የሚያህል ዘንግ፣ ከዚያ ቀጥሎ ወፈር ያለ ሌላ ዘንግ። የምትፈልጉት ይህን ነው። ሁለተኛው ዘንግ ከመጀመሪያው ወፍሮ ከወጣ ችግኙ የራሱን የመሬት ውስጥ ግንድ ሠርቷል ማለት ነው። ረጅም አንድ ዘንግ ብቻ በፕላስቲክ ተሰክቶ፣ አናቱ ላይ ለምለም ቅጠል ይዞ ብታዩ አትታለሉ። የቀርከሃ ቁራጭ በውስጡ ባጠራቀመው ምግብ ብቻ፣ ሥር ሳያወጣ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ከወር በኋላ ምግቡ ሲያልቅ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ገዢውም «ውሃ አነሰው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ቁመት አትግዙ፣ ሥር ግዙ።

ክፍያ በቴሌብርም ይቀበላሉ። ችግኞቹን በባጃጅ ጭነው፣ ቅጠሉ በመንገድ ንፋስ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ነው ያመጡልኝ። ይህችን ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ተከላው ላይ ግን ልጆቹ ቸኮሉ። ጉድጓዱን ጠባብ አድርገው ቆፈሩ፣ ችግኞቹንም አጠጋግተው ሊደረድሯቸው ሲሉ አስቆምኳቸው። ለቢጫው ዓይነት፣ ለመከለያም ቢሆን፣ በመካከላቸው 2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከግንብ አጥርም እንዲሁ 2 ሜትር ገደማ ራቁ፤ ቁጥቋጦው ይሰፋል፣ ወደ አጥሩ በኩል ያለውንም ለመቁረጥ ሰው መግባት አለበት። ጉድጓዱ ወደጎንም ወደታችም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከላይኛው አፈር ጋር በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅበት። በሐይቁ አቅራቢያ ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ ጉድጓድ ብቻ አይበቃችሁም፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛና ሥሩን ያፍነዋል። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሠርታችሁ በላዩ ትከሉ። ስለዚህ ነበር እማማ «ውሃ ይተኛበታል?» ያሉኝ።

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ። ባህር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚወርደው። ከጥቅምት በኋላ ያለው ረጅም በጋ ነው ፈተናው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ችግኝ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ እያላችሁ አጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል፣ አይጠቅምም። ሲጠማው ራሱ ይነግራችኋል፤ ቅጠሉ በቁመቱ ይጠቀለላል። ጠዋት ላይም ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ውሃ አንሶታል። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን እኔ አትክልት የታጠበበትን ውሃ እያጠራቀምኩ ነው ያሳለፍኩት።

ሰው የማይረዳው ሌላው ነገር የመጀመሪያው ዓመት ዝምታ ነው። ከላይ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። ሥራው ከመሬት በታች ነው። በሁለተኛው ክረምት ጥቂት ዘንጎች ይወጣሉ፣ በሦስተኛው ወፈር ያሉት ይመጣሉ። ደግሞም ይህን እወቁ፦ የቀርከሃ ዘንግ ከመሬት ሲወጣ የያዘውን ውፍረት ነው ለዘለዓለም የሚይዘው። ቁመቱን በአንድ ክረምት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይጠነክራል፤ አይወፍርም፣ አይረዝምም። ስለዚህ ያችን የመጀመሪያዋን ቀጭን ዘንግ «ትወፍራለች» ብላችሁ አትጠብቁ። የሚወፍረው በየዓመቱ አዲስ የሚመጣው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወጣውን ሹል ቡቃያ ልጆችና ፍየሎች እንዳይነኩት ከልሉ፤ ጫፉ ከተሰበረ የዚያ ዓመት ዘንግ ሄደ። የሸፈነው ልባስ ላይ ያለው ቡናማ ፀጉር ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ።

ምግቡ ቀላል ነው። ቀርከሃ የሣር ዘመድ ነው፤ ቅጠል የሚያሳድግ ምግብ ይወዳል። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ፍግ ወይም ኮምፖስት ዙሪያውን አልብሱት። የወደቀ ቅጠሉን አትጥረጉ! ይህን ለቤት ሠራተኛም፣ ግቢ ለሚያጸዳ ዘመድም ደጋግማችሁ ንገሩ። ቅጠሉ ጉዝጓዝ ሆኖ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም ከአፈሩ የወሰደውን ይመልሳል። ምስጥ ባለበት ግቢ ግን ጉዝጓዙ ከዘንጎቹ እግር አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። በበጋ አንዳንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ አትደንግጡ፤ አዲሱ እየተተካ ነው።

መቁረጥ የሚጀመረው ቁጥቋጦው ሲጠና ነው። ሦስት ዓመት ያለፋቸውን ብቻ ምረጡ። ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ ነጣ ያለ ነቁጥ ይይዛሉ፣ ልባሳቸውም ረግፏል። የመቁረጫው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ክረምት ላይ በፍጹም። በአንድ ዓመት ከሲሶ በላይ አትውሰዱ፤ ቅጠል ካጣ ሥሩም ይራባል። አሮጌዎቹ መሃል ላይ፣ ወጣቶቹ ዳር ዳሩን ስለሚቆሙ መሃሉ ጋ ለመድረስ በአንድ በኩል ብቻ በር ክፈቱና በእሱ እየገባችሁ አሳሱ። ቁጥቋጦው ሳይሳሳ ከቆየ ዘንጎቹ ይጠላለፉና ገጀራም መጋዝም አያስገቡም። ሌላ ነገር፦ በመሬቱ አጠገብ፣ ልክ ከአንጓው በላይ ቁረጡ። አንጓው ከታች ርቆ ከቀረ ጉቶው እንደ ስኒ ውሃ ይይዝና ትንኝ ይራባበታል፤ በእኛ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። የተቆረጠውን ለቲማቲም ድጋፍ ተጠቅሜበታለሁ። ለዕቃ ከፈለጋችሁት ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ነቀዝ የሚወደው ስታርች ይቀንስለታል።

ቅሬታዬ እነሆ። አንደኛ፣ ችግኞቹ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። እማማ ካሉ ችግር የለም፤ እሳቸው በሌሉበት ግን ልጁ ሁለት ዓይነቶችን ሲያምታታ ሰምቻለሁ። ግዙፉ የእስያ ቀርከሃ፣ እስከ 30 ሜትር ሊደርስ የሚችለው፣ ከቢጫው አጠገብ ነው የተደረደረው። 200 ካሬ ግቢ ላይ የመብራት ገመድ ሥር እሱን የተከለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ስምና ሊደርስ የሚችለውን ቁመት በካርቶን ቆርጦ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ ዋጋው። ከተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ይበልጣል። ለሥሩ ጥራት ይገባዋል እላለሁ፣ ግን ለረጅም አጥር ብዙ ለሚገዛ ሰው ይከብዳል፤ ቅናሽም እምብዛም አያደርጉም። ሦስተኛ፣ ክረምት ሲገባ ስልክ አያነሱም።

አራተኛው ከበድ ይላል። ሽመል ከብዙ ዓመት አንዴ በጅምላ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ ይደርቃል። ከአሮጌ እናት ተከፍሎ የመጣ ችግኝ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እናቱ ስታብብ እሱም ገና ወጣት መስሎ ሊያብብ ይችላል። ከዘር የበቀለው ግን ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። የእኔ ከዘር የበቀለ መሆኑን እማማ አረጋግጠውልኛል። ሆኖም እዚያው መደብ ላይ ተከፍለው የመጡም ነበሩ፣ ለይቶ የሚነግራችሁም ካልጠየቃችሁ በስተቀር የለም። ስለዚህ «ከዘር ነው ወይስ ከእናት የተከፈለ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዘር የበቀለውን ውሰዱ።

አሁን ቢጫው ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። አቧራው በግልጽ ቀንሷል፣ በረንዳው ከሰዓት በኋላ ጥላ አለው። የባጃጁ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ቀርከሃ ግንብ አይደለም፣ ድምፁን ያለሰልሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ለድምፅ ብቻ ብላችሁ የምትተክሉ ከሆነ ይህን እያወቃችሁ ይሁን።

ለመሄድ ያሰባችሁ በግንቦት አጋማሽ ሂዱ። ሰኔ ከገባ የአረንጓዴ አሻራ ተከላና የግለሰብ ገዢ ስለሚደራረብ ጥሩ ጥሩው ችግኝ ቀድሞ ያልቃል። የግቢያችሁን ልክ በሜትር፣ የአፈራችሁንም ዓይነት ይዛችሁ ሂዱ፤ እማማ መጠየቃቸው አይቀርም። ጠዋት ላይ ከሄዳችሁ ራሳቸውን ታገኟቸዋላችሁ።